የሒሳብ ዝንባሌ ያለው ተመራቂ ሙያውን በምን ይምረጥ?

መግቢያ

የሒሳብ፣ የፊዚክስና የስታትስቲክስ ተማሪዎች ወደ ምረቃ ሲቃረቡ ለመምህራኖቻቸው የሚያቀርቡት ጥያቄ በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው፤ «ይህን ሁሉ ተምሬ ምን እሆናለሁ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሕክምና ተመራቂን ሆስፒታል፣ የሕግ ተመራቂን ፍርድ ቤት፣ የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂን የግንባታ ሥፍራ ይጠብቀዋል። በሒሳብ የተመረቀ ወጣት ግን የሙያው ስም የተጻፈበትን በር ፈልጎ ላያገኝ ይችላል። ወላጆችና ዘመዶችም «መጨረሻው ያው ማስተማር አይደለምን?» ሲሉ ይደመጣሉ፤ አነጋገሩም ማስተማርን እንደ ቅጣት የቆጠረ ይመስላል።

ለዚህ ጥያቄ በተለምዶ ሁለት መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው ደመወዙ ከፍ ያለውን መምረጥ ነው፤ ሁለተኛው ስሙ የገነነውን መምረጥ ነው። ደመወዝ የሚናቅ ጉዳይ አይደለም፤ ይሁን እንጂ በዐሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ይለዋወጣል። ስምም እንዲሁ ነው። ዛሬ በሥራ ማስታወቂያዎች ላይ የምናነበው «ዳታ ሳይንቲስት» የሚለው መጠሪያ ከ20 ዓመት በፊት እምብዛም አይታወቅም ነበር። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ጥምጣሙ የሙያው ስም ነው፤ ትምህርቱ ደግሞ ባለሙያው ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ የሚሠራው ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መመዘኛ እናቀርባለን። በስሌት የሚተዳደር ሰው፣ የትም ቦታ ይሥራ፣ አብዛኛውን ቀኑን የሚያሳልፈው ከገዛ ስሕተቱ ጋር ሲታገል ነው። ስለዚህ አንድን ሙያ ከመምረጣችን በፊት ሦስት ነገሮችን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ በዚህ ሙያ የተሰጠ መልስ ስሕተት መሆኑን የሚለየው ዳኛ ማን ነው?
ሁለተኛ፦ ፍርዱ በስንት ጊዜ ይደርሳል?
ሦስተኛ፦ የስሕተቱ ዕዳ በማን ላይ ይወድቃል?

ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ ሀገር በቆየሁባቸው ዓመታት አብረውኝ የተማሩ ሰዎች ዛሬ በየፊናው ተበትነዋል። አንዱ በባንክ፣ ሌላዋ በሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል፣ ሌላው በአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ ጥቂቶቹም በዩኒቨርሲቲ ይሠራሉ። በሥራቸው የረኩትንና ያልረኩትን የለየው የፈተና ውጤታቸው አልነበረም። እንደ እኔ አስተያየት የለያቸው የመረጡትን ዳኛ መውደድ አለመውደዳቸው ነው።

ከዚህ በታች ስድስት ዳኞችን በምሳሌ እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ዳኛው ማረጋገጫ ሲሆን

ንጹሕ ሒሳብ የሚባለው ዘርፍ ዳኛው ማረጋገጫ ነው። በዚህ ችሎት «አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው» የሚባል መልስ ተቀባይነት የለውም። አንድ ቀዳዳ ከተገኘ ሙሉው ሥራ ይወድቃል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የፌርማ የመጨረሻ ቴዎረም ታሪክ ነው። ከዜሮ የሚበልጡ ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ስንወስድ ሁለት ኩቦች ተደምረው ሌላ ኩብ አይሰጡም፤ አራተኛ ኃይሎችም፣ አምስተኛ ኃይሎችም፣ ከዚያም በላይ ያሉት ሁሉ እንዲሁ ናቸው ይላል ቴዎረሙ። ይህ ሐሳብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳይረጋገጥ ከ350 ዓመታት በላይ ቆየ። እንግሊዛዊው አንድሩ ዋይልስ ሰባት ዓመት ያህል ለብቻው ሲሠራበት ከቆየ በኋላ በሰኔ 1993 በኬምብሪጅ ማረጋገጫውን አቀረበ፤ ዜናውም በጋዜጦች የፊት ገጽ ላይ ወጣ። ይሁን እንጂ ጽሑፉን የሚመረምሩት ባለሙያዎች በአንድ ሥፍራ ክፍተት አገኙ። ዋይልስ ከቀድሞ ተማሪው ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ታገለ፤ በመስከረም 1994 ክፍተቱን የሚዘጋውን መንገድ አገኘ፤ ሥራውም በ1995 ታተመ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው የንጹሕ ሒሳብ ፍርድ ዘግይቶ እንደሚመጣ፣ ከመጣ በኋላ ግን ይግባኝ እንደሌለው ነው። የስሕተቱ ዕዳም የሚወድቀው በአብዛኛው በራሱ በሒሳብ ሊቁ ላይ ነው፤ ለወራት ወይም ለዓመታት ድካሙ ከንቱ ሊሆን ይችላል። በመልመጃ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለው መልስ ከእርሱ መልስ ጋር መግጠሙ የማያረካው፣ «ለምን እንዲህ ሆነ?» እያለ እንቅልፍ የሚያጣ ተማሪ ካለ ይህን ዳኛ ሊቀበል ይችላል። መንገዱ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ በኩል የሚያልፍ ሲሆን በዓለም ዙሪያ የሥራ ቦታው ውስን ነው። ለአፍሪካውያን ተማሪዎች ግን የተከፈቱ በሮች አሉ። በ2003 በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት አንዱ ነው። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1964 በጣሊያን ትሪየስት የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ሌላው ነው።

2. ዳኛው ልኬት ሲሆን

በፊዚክስና በተዛማጅ ሳይንሶች የቀመሩ ውበት ብቻውን ዋጋ የለውም። የመጨረሻው ቃል የልኬት ነው። ልኬት ግን እርሱም ራሱ ሊሳሳት የሚችል ዳኛ ነው።

በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ከጄኔቫ አጠገብ ከሚገኘው ሴርን ተነሥተው በምድር ውስጥ ወደ ጣሊያኑ ግራን ሳሶ ላቦራቶሪ የተጓዙ ኒውትሪኖዎች ከብርሃን ቀድመው የደረሱ እንደሚመስል አስታወቀ። ርቀቱ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን ይህን ርቀት ለመጓዝ 2.4 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ኒውትሪኖዎቹ የቀደሙት በ60 ናኖ ሰከንድ ብቻ ነበር። ብናካፍለው ልዩነቱ ከ40,000 አንድ እጅ ነው። ውጤቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የአንስታይን የአንጻራዊነት ቲዎሪ ከመሠረቱ ይናጋ ነበር። ቡድኑ ግን የሠራውን ሁሉ ለሌሎች ባለሙያዎች ክፍት አድርጎ ስሕተት ካለ እንዲፈለግ ጠየቀ። በ2012 ዋናው ምክንያት ተገኘ፤ በትክክል ያልገጠመ አንድ የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ነበር።

ይህን ዳኛ የሚመርጥ ሰው የሒሳብ ችሎታ ብቻውን አይበቃውም። ገመድ መፈተሽ፣ ሰዓት ማስተካከል፣ አንድን ልኬት መቶ ጊዜ መድገም የማይሰለቸው መሆን ይኖርበታል። ጂኦፊዚክስ፣ ሜትዎሮሎጂ፣ ሥነ ፈለክና የሕክምና ፊዚክስ ሁሉ በዚህ ችሎት ሥር ናቸው። ልብ ልንል የሚገባው ግን ፊዚክሱ አንድ ሆኖ ሳለ የዕዳው ከፋይ እንደሚለያይ ነው። የሩቅ ኮከብን ብርሃን በስሕተት ያሰላ ተመራማሪ ጽሑፉን ያርማል። ለካንሰር ሕመምተኛ የሚሰጠውን የጨረር መጠን በስሕተት ያሰላ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ግን ዕዳውን የሚያስከፍለው ታማሚውን ነው። ሁለተኛውን ሥራ የሚመርጥ ሰው ይህን ኃላፊነት መሸከም እንደሚችል ራሱን አስቀድሞ ይጠይቅ።

3. ዳኛው ናሙና ሲሆን

ስታትስቲክስ ሁሉን ሳያዩ ስለ ሁሉ የመናገር ጥበብ ነው። አንዲት እናት ወጡ ጨው እንደበቃው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ አትጠጣም፤ በሚገባ ካማሰለች አንድ ጭልፋ ይበቃታል። የዘርፉ ምሥጢር በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ። ዋናው ነገር የጭልፋው መተለቅ ሳይሆን የማማሰሉ ጉዳይ ነው።

በ1936 በአሜሪካ በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት 2.4 ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ መልስ ሰብስቦ አልፍሬድ ላንደን እንደሚያሸንፍ ተነበየ። ያሸነፈው ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። መጽሔቱ መጠይቁን የላከላቸውን ሰዎች ስም በብዛት ያገኘው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር። በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው በአብዛኛው ከሌላው የተሻለ ኑሮ የነበረው ነው። መልስ የላኩትም ካልላኩት በአስተሳሰብ ይለዩ ነበር። ጆርጅ ጋሎፕ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ናሙና ወስዶ አሸናፊውን በትክክል ለየ።

በዕጣ የተወሰደ ናሙና የሚሳሳትበት መጠን በግምት 1 ለናሙናው ብዛት ዳግም ዘር ሲካፈል የሚገኘው ነው። 1,000 ሰዎች ብንጠይቅ የ1,000 ዳግም ዘር 32 ገደማ ስለሆነ ስሕተቱ 3 በመቶ ያህል ይሆናል። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ 4,000 ሰዎች መጠየቅ ያስፈልጋል። ያልተማሰለ ድስት ሲሆን ግን ሚሊዮኖችም አይረዱም።

በሀገራችን ይህ ጉዳይ ከምርጫ ትንበያ የበለጠ ክብደት አለው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 16,650 ቤተሰቦችን ብቻ ጠይቆ ስለ መላው ሀገር ተናግሯል። ከ1,000 ሕፃናት ውስጥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ቁጥር በ2000 በተደረገው ጥናት 166 እንደነበረ፣ በ2016ቱ ደግሞ 67 መድረሱን ያወቅነው በእነዚህ ጥናቶች ነው። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና በጀቱ ወዴት ይሂዱ የሚለው ውሳኔ በእንዲህ ዓይነቱ ቁጥር ላይ ያርፋል። ናሙናው አንድን ቆላማ ወረዳ ቢዘል የዚያ ወረዳ ሕፃናት ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ፤ ስታትስቲክስ ባለሙያውም ይህን ላያውቅ ይችላል። በመሆኑም በዚህ ሙያ የሚሰማራ ሰው ከፍርዱ በፊት ስሕተቱን ራሱ እያሳደደ የሚፈልግ፣ ከመቶ በመቶ እርግጠኝነት ውጭም መኖር የሚችል መሆን አለበት።

4. ዳኛው ማሽን ሲሆን

ብዙ ወጣቶች ወደ ኮምፒዩተር ሥራ የሚሳቡት ፍርዱ ፈጣን በመሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል ወይም አይሠራም፤ ማሽኑ በሰከንዶች ውስጥ ይነግረናል። ይህ ግን ከፊል እውነት ነው። ማሽን የሰዋስው ስሕተትን ወዲያው ይይዛል፤ የአስተሳሰብ ስሕተትን ግን ሳይናገር ይፈጽመዋል።

የካቲት 25 ቀን 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል መሣሪያ የመጣበትን ስከድ ሚሳይል ሳይመታ ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮችም ሞቱ። ምክንያቱ ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሊረዳው የሚችል ሒሳብ ነው። መሣሪያው ጊዜን የሚቆጥረው በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ነበር። 0.1 በዐሥር ቤት አጭር ቁጥር ቢሆንም በሁለት ቤት ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ አንድ ሦስተኛ በዐሥር ቤት 0.333 እያለ እንደማያልቀው ማለት ነው። ማሽኑ 24 ቢት ብቻ ይይዝ ስለነበር የቀረውን ቆረጠው። የተቆረጠው 0.000000095 ያህል ነው። መሣሪያው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ሠርቶ ነበር፤ ይህም 3,600,000 ዐሥረኛ ሰከንድ ነው። ብናባዛው 0.34 ሰከንድ እናገኛለን። ሚሳይሉ በሰከንድ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሚጓዝ መሣሪያው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባዶ ሰማይ ይመለከት ነበር።

አዲሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘመንም ይህን ችግር አላስወገደውም። በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ በአዲስ አበባ ከተወለዱት ከዶክተር ትምኒት ገብሩ ጋር ባሳተመችው ጥናት ከፊት ገጽታ ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ሥርዓቶች ተፈትነዋል። ቀላ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ0.8 በመቶ አይበልጥም ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። የአማካይ ስሕተቱን ብቻ የተመለከተ ሰው ሥርዓቱ በሚገባ የሚሠራ ይመስለዋል። አማካይ ቁጥር ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ አይናገርምና። የሒሳብ ዝንባሌ ያለው ተመራቂ ለዚህ ሙያ የሚያበረክተው ልዩ ነገር ፕሮግራም የመጻፍ ፍጥነት ብቻ ሊሆን አይገባም፤ ማሽኑ ዝም ባለበት ሥፍራ የመጠርጠር ልማድ ጭምር ነው።

5. ዳኛው ጊዜ ሲሆን

በስሙ በተጠራው ጅራታም ኮከብ የሚታወቀው ኤድመንድ ሃሌይ በ1693 ብሬስላው ከተባለችው ከተማ የሞትና የልደት መዝገብ ተነሥቶ በየዕድሜው የመሞት ዕድልን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ ለዕድሜ ልክ አበል የሚከፈለው ዋጋ እንዴት እንደሚሰላም አሳየ። አክቹዋሪ የሚባለው የመድን ስሌት ባለሙያ ሥራ ከእንዲህ ዓይነቱ ሠንጠረዥ የተወለደ ነው። ዳኛውም ጊዜ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ምሳሌ እንዲሆነን አንድ ላም 10,000 ብር ዋስትና ተገባላት፤ ካሳ የሚያስከፍል ድርቅም ከአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል እንበል። የዓመቱ ዓረቦን መነሻ 2,000 ብር ነው። ድርቁ በእርግጥ የሚመጣው ከአራት ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆንስ? ትክክለኛው ዓረቦን 2,500 ብር ነበር፤ መድን ድርጅቱ በየላሙ በየዓመቱ 500 ብር ይከስራል ማለት ነው። ታዲያ 20 በመቶን ከ25 በመቶ ለመለየት የስንት ዓመት መረጃ ያስፈልጋል? የዕድሉ ግምት መደበኛ ልይይት የ0.2 እና የ0.8 ብዜት ለዓመታቱ ቁጥር ተካፍሎ ዳግም ዘሩ ነው። ልዩነቱ 0.05 ስለሆነ ልይይቱ የዚያ ግማሽ፣ ማለትም 0.025 እንዲሆን እንፈልግ። ስሌቱ 256 ዓመት ይሰጠናል። ሳተላይቶች የዕፀዋትን ልምላሜ ያለማቋረጥ መከታተል የጀመሩት ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባለሙያው ፍርዱ ከዕድሜው በላይ በሚዘገይ ችሎት ፊት ቆሞ ዛሬ ዋጋ መቁረጥ አለበት።

ይህ የወረቀት ምሳሌ ብቻ አይደለም። በሰሜን ኬንያ በ2010 የተጀመረው በጠቋሚ ላይ የተመሠረተ የከብት መድን በ2012 ወደ ቦረና ገብቷል። በዚህ መድን የሞቱትን ከብቶች የሚቆጥር የለም፤ ሳተላይት የሚያየው የግጦሽ ልምላሜ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ካሳ ይከፈላል። አሠራሩ ርካሽና ፈጣን ነው። ሆኖም ሳተላይቱ ልምላሜ ባየበት አካባቢ የአንድ አርብቶ አደር ላሞች ቢያልቁ ስሌቱ ምንም አይከፍለውም። የጠቋሚው ስሕተት ዕዳ በእርሱ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ማጥበብ ሒሳብ፣ ፊዚክስና የሰው ኑሮ የሚገናኙበት እውነተኛ ሥራ ነው።

በፋይናንስ ገበያም ጊዜ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን አንዳንዴ በድንገት ይደርሳል። በ1997 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሮበርት መርተንና ማይረን ሾልስ የተሳተፉበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለ ድርጅት በማግስቱ ዓመት በጥቂት ወራት ውስጥ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከሰረ። ቀመሩ ብርቅ አደጋ ነው ያለው ነገር በእርግጥ ያን ያህል ብርቅ አልነበረም። በጥር 2025 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ እየሰፋ ሲሄድ ለዚህ ሙያ የሚፈለጉ ወጣቶች ይህን ታሪክ ከቀመሩ ጋር አብረው ሊማሩት ይገባል።

6. ዳኛው ሰው ሲሆን

አሁን «ያው ማስተማር» ወደተባለው ሙያ እንመለስ። አንድ መምህር በዓመት 200 ተማሪዎችን ለ30 ዓመታት ቢያስተምር 6,000 ሰዎች በእጁ ያልፋሉ። «አሉታዊ በአሉታዊ ሲባዛ አዎንታዊ ነው፤ ምክንያቱን አትጠይቁ» ብሎ የሚያልፍ መምህር ያን ዝምታ በ6,000 ያባዛዋል። ምክንያቱን የሚያሳይም እንዲሁ። ፍርዱ ዐሥር ዓመት ሊዘገይ ይችላል፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ሒሳብ አልሆንልህ አለኝ ብሎ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ነው። እንግዲህ በሦስቱ መመዘኛዎቻችን ከታየ ማስተማር ከሁሉም የከበደ ኃላፊነት ካለባቸው ሙያዎች አንዱ ነው፤ ሌላ ያጣ የሚጠጋበት ጥግ ሊሆን አይገባውም።

በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩት የፊዚክስ ሊቁ ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ በእስር ቤት ሳሉ ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭ ሽልማትን ሲሰጣቸው ለሰብአዊ መብትና ለትምህርት ያደረጉትን ትግል በመቁጠር ነው። ጥቁር ሰሌዳና ደመወዝ በሌለበት የቀጠለ ሙያ በሌላ ሰው ዓይን ውስጥ «ገባኝ» የሚለውን ብርሃን ዳኛው አድርጎ የመረጠ ሰው ሙያ ነው።

7. እንግዲህ እንዴት እንምረጥ?

ሒሳብ ራሱ ስለ ምርጫ የሚነግረን ነገር አለ። አራት ሙያዎች አንድ በአንድ በዕጣ ቅደም ተከተል ይቀርቡልናል እንበል። እያንዳንዱን ስንቀምሰው ካለፉት ጋር ልናነጻጽረው እንችላለን፤ ያለፈውን ግን መመለስ አይቻልም። ለእኛ ከሁሉ የሚሻለውን የመያዝ ዕድላችንን እንዴት እናሳድግ?

አራት ነገሮች በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ዝም ብለን ብንይዝ ምርጡን የምናገኘው በ6ቱ ብቻ ነው፤ ይህም 25 በመቶ ነው። አሁን ሌላ ደንብ እንሞክር፤ የመጀመሪያውን ቀምሰን እናሳልፍ፣ ከዚያ በኋላ ከእርሱ የሚሻል እንደመጣ እንያዝ። ምርጡ ሁለተኛ ሆኖ ከመጣ ሁልጊዜ እንይዘዋለን፤ ይህ 6 ጊዜ ነው። ሦስተኛ ሆኖ ከመጣ የምንይዘው ከፊቱ ካሉት ሁለቱ የተሻለው አንደኛ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህ 3 ጊዜ ነው። አራተኛ ከሆነ ደግሞ 2 ጊዜ እንይዘዋለን። ድምሩ 11 ከ24፣ ማለትም 46 በመቶ ያህል ሆነ። አንዱን በማስተዋል መቅመስ ብቻ ዕድላችንን በእጥፍ ሊያሳድገው ተቃርቧል። የአማራጮቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ቀምሶ ማሳለፍ የሚገባው 37 በመቶ ገደማ ሲሆን የማግኘት ዕድሉም ወደዚያው 37 በመቶ ይጠጋል። ይህ ቁጥር 1 ለ2.718 ሲካፈል የሚገኘው ነው።

የእውነተኛው ሕይወት ሕግ እንደዚህ ጥብቅ አይደለም፤ ያለፈውን በር ተመልሶ ማንኳኳት ብዙ ጊዜ ይቻላል። ያም ሆኖ ስሌቱ ከሁለት ጥፋቶች ያስጠነቅቀናል፤ አንድም ሳይቀምሱ ከመያዝ፣ እየቀመሱም ዕድሜን ከመጨረስ።

በዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ችግር መነሣት አለበት። ታናናሾቹን የሚያስተምር፣ ለቤተሰቡ ወርሃዊ ብር የሚልክ ተመራቂ «ቆይ ልቅመስ» ለማለት አቅም የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት የምንለው የመጀመሪያው ደመወዝ የሕይወት ዘመን ቃል ኪዳን አለመሆኑን ነው። ለእንጀራ የተያዘ ሥራ ነውር የለበትም። ቅምሻውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሚከተሉት እያንዳንዱ የአንድ ሳምንት ምሽት ይበቃዋል።

ሀ. ከምታውቁት መጽሐፍ አንድ ቴዎረም መርጣችሁ ማረጋገጫውን ሳታዩ ራሳችሁ ለማረጋገጥ ሞክሩ። በሦስተኛው ቀን ባዶ ወረቀት ፊት ስትቀመጡ ምን ይሰማችኋል?

ለ. ድንጋይ በክር አንጠልጥላችሁ የመሬት ስበት ፍጥነት ለውጥን ለኩ። የክሩ ርዝመት 1 ሜትር ከሆነ አንዱ ምልልስ 2 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ውጤታችሁን ከ9.78 ጋር ከማነጻጸራችሁ በፊት ስሕተታችሁ ምን ያህል እንደሚሆን ጻፉ።

ሐ. በግቢያችሁ በር ላይ ታክሲ የሚጠበቅበትን አማካይ ጊዜ በናሙና ገምቱ። ጠዋት ብቻ ለክታችሁ ከሆነ ድስቱን አላማሰላችሁም።

መ. በኮምፒዩተር ላይ 0.1ን ዐሥር ጊዜ የሚደምር ፕሮግራም ጻፉ፤ ድምሩ ከ1 ጋር እኩል መሆኑንም ጠይቁት። በተለመዱት ብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች «አይደለም» ይላችኋል።

ሠ. ከላይ የተመለከትነውን የድርቅ ስሌት በሌሎች ቁጥሮች ሥሩት፤ ለቀጣዩ ዓመትም ዓረቦን ቁረጡ።

ረ. ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ ያልገባውን ነገር አስረዱት። ካልገባው በሁለተኛ መንገድ፣ አሁንም ካልገባው በሦስተኛ መንገድ ሞክሩ።

ከስድስቱ በየትኛው ላይ ስሕተታችሁን ስታገኙ እንዳዘናችሁ፣ በየትኛው ላይ ደግሞ እንደገና ለመጀመር እንደቸኮላችሁ ልብ በሉ። ሁሉንም በአንድነት የሚያገለግሉ ስንቆችም አሉ፤ ፕሮባቢሊቲ፣ ሊኒያር አልጀብራ፣ አንድ የፕሮግራም ቋንቋና አሳብን በግልጽ መጻፍ። እነዚህን የያዘ ተመራቂ ዳኛውን ለመቀየር ቢፈልግ መንገድ አያጣም።

ለአንባብያን የቀረበ ጥያቄ

አማራጮቹ አምስት ቢሆኑ በ120 ቅደም ተከተሎች ይቀርባሉ። አንዱን ቀምሶ ማሳለፍ ይሻላል ወይስ ሁለቱን? በእጃችሁ አስልታችሁ ድረሱበት፤ በመጀመሪያው ደንብ 50፣ በሁለተኛው 52 ካላገኛችሁ ስሕተቱን ፈልጉ። የመፈለጉን ሥራ ከወደዳችሁት ስለ ራሳችሁ አንድ ነገር አውቃችኋል ማለት ነው።